«ነገሩን እንጂ አልሰሙንም»

የሥራ ቦታ ጉዳዮች፤ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ስድስቱን መርጠን አቅርበናል። ጸሐፊዎቹ እርስ በርስ የማይተዋወቁ፣ አንዳቸው ከመምሪያ ኃላፊነት ወንበር፣ ሌላቸው ከማሽን አጠገብ ሆነው የጻፉ ቢሆኑም፣ የሚያነሡት ጉዳይ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፤ ሠራተኛው በሺህ በሚቆጠርበት ድርጅት ውስጥ ቃል ከላይ ወደ ታች፣ ከታችም ወደ ላይ ሳይሸራረፍ የሚደርሰው እንዴት ነው? ደብዳቤዎቹ ረዘም ያሉ ስለነበሩ አሳጥረናቸዋል፤ የጸሐፊዎቹንና የድርጅቶቻቸውን ስምም በጠየቁን መሠረት ትተናል። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ከአራት ሺህ በላይ ሠራተኞች ባሉት ድርጅት ውስጥ የኮሙኒኬሽን መምሪያ ኃላፊ ነኝ። በየሳምንቱ የውስጥ ዜና በኢሜይል እንልካለን፣ የማስታወቂያ ሰሌዳዎችን እናድሳለን፣ የቴሌግራም ቻናል አለን፣ ዋና ሥራ አስፈፃሚውም በየሩብ ዓመቱ ጠቅላላ ስብሰባ ይጠራሉ። ይህ ሁሉ እየተደረገ ሠራተኛው አሁንም «የሚነግረን የለም» ይላል። ከዚህ በላይ ምን ማድረግ እንችላለን?

መልስ፦ ከዚህ በላይ ከማድረግ ይልቅ ከዚህ ቢቀንሱ ይሻላል። «የሚነግረን የለም» የሚለው ሮሮ ብዙውን ጊዜ የመረጃ እጥረት አቤቱታ አይደለም። ሠራተኛው ማለት የፈለገው «እኔን የሚመለከተውን ነገር፣ በሚገባኝ ቋንቋ፣ መልሼ ልጠይቀው የምችል ሰው አልነገረኝም» ነው። በሳምንታዊ ዜናዎ ውስጥ የአዲሱ ስትራቴጂ ምሰሶዎች፣ የኃላፊዎች ጉብኝትና የሽልማት ሥነ ሥርዓት ፎቶግራፎች ከፊት ተደርድረው፣ የሌሊት ፈረቃ መግቢያ ሰዓት መለወጡ በአራተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ከተጻፈ፣ ዜናው ተልኳል እንጂ ለማንም አልተነገረም።

አስቀድመው አንድ ነገር ይሞክሩ። ባለፈው ወር ካስተላለፏቸው መልእክቶች ሁሉ ዋነኛው ነው የሚሉትን ይምረጡ፤ ከዚያም ኮምፒውተር በማይነካበት የሥራ ክፍል፣ ለምሳሌ በመጋዘን፣ በጥገና ወይም በስምሪት፣ ወደሚሠሩ አሥር ሰዎች ራስዎ በአካል ሄደው «ስለዚህ ጉዳይ ምን ሰምተዋል? ከማንስ ሰሙ?» ብለው ይጠይቁ። ተወካይ አይላኩ፤ ተወካይ ይዞ የሚመለሰው ሪፖርት ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጥ ያስተምርዎታል። እኔ በአንድ ወቅት በሠራሁበት ድርጅት ውስጥ ይህንኑ ስጠይቅ፣ ከድርጅቱ ልሳናት ሁሉ ይበልጥ የሚታመነው የኃላፊዎች ሹፌር ሆኖ አገኘሁት። ሹፌሩ የእኛ መምሪያ የሌለው ሁለት ነገር ነበረው፤ ወሬው ትኩስ ነው፣ ሲጠይቁትም ይመልሳል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለመምሪያዎ የማይጥም ሊሆን ይችላል። ለሠራተኛው ድርጅቱ ማለት በአብዛኛው የቅርብ አለቃው ነው። የኮሙኒኬሽን አማካሪዎቹ ቲ.ጄ. ላርኪንና ሳንዳር ላርኪን በ1996 በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ላይ ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ለውጥን ለግንባር ሠራተኞች ለማድረስ ከቪዲዮ፣ ከመጽሔትና ከትላልቅ ስብሰባዎች ይልቅ የቅርብ ተቆጣጣሪውን ማስታጠቅ እንደሚሻል አጥብቀው ተከራክረዋል። ጋሉፕ የተባለው የጥናት ድርጅትም፣ በሥራ ቡድኖች መካከል ከሚታየው የሠራተኛ ተነሳሽነት ልዩነት 70 በመቶ ያህሉ ከቡድኑ ኃላፊ ጋር የተያያዘ መሆኑን ለዓመታት ሲገልጽ ቆይቷል። እንግዲህ ገንዘብዎና ጊዜዎ የሚሄደው ወዴት ነው? ለተቆጣጣሪዎች ነው ወይስ ለመጽሔቱ ሽፋን?

በተግባር ይህ ምን እንደሚመስል ያየሁትን ላንሣ። የፈረቃ መለዋወጫ ሰዓት ነው፤ አሥራ ሁለት ሰዎች በዕቃ መረከቢያው አጠገብ ቆመዋል። ተቆጣጣሪዋ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ወረቀት ይዛ፣ ከሰኞ ጀምሮ ጭነት የሚገባው በ2 ቁጥር በር በኩል መሆኑን ነገረቻቸው። አንድ ሠራተኛ «2 ቁጥር ላይ እኮ ፎርክሊፍት አይዞርም» አለ። አልተከራከረችውም፤ «ከላይ የመጣ ነው» ብላም አልተገላገለችም። የወረቀቱን ጀርባ ገልብጣ ጻፈችና «እስከ ሐሙስ መልሱን አመጣለሁ» አለች። ሐሙስ ዕለት ስብሰባውን የጀመረችው በዚሁ ጉዳይ ነው፤ በሩ አይለወጥም፣ ማዕዘኑ ላይ ያለው መደርደሪያ ግን ይነሣል። ሰውየው የጠየቀውን ሙሉ በሙሉ አላገኘም። ቢሆንም በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ሌሎች ሰዎች እጃቸውን አወጡ። ያ ሁሉ ሲሆን ስብሰባው ከስምንት ደቂቃ አልዘለለም።

ስለዚህ መምሪያዎ ለተቆጣጣሪዎች አጭር ወረቀት ያዘጋጅ፤ ወረቀቱም ለሁሉም ከመሰራጨቱ ቢያንስ አንድ ቀን አስቀድሞ ይድረሳቸው። ምን ተለወጠ፣ ይህ የእኔን ክፍል የት ላይ ይነካዋል፣ ጥያቄ ቢነሣ ማን እስከ መቼ ይመልሳል፤ ከእነዚህ ያለፈውን ለመጽሔቱ ይተዉት። የሥራዎን ውጤት ሲለኩም ኢሜይሉን ስንት ሰው ከፈተው ከሚለው ቁጥር ይልቅ፣ ከታች ከመጡት ጥያቄዎች መካከል በተባለላቸው ቀን የተመለሱት ስንት ናቸው የሚለውን ይቁጠሩ። ጠቅላላ ስብሰባውን አይሰርዙት፤ ሰው የመሪውን ፊት ማየት ይፈልጋል። ነገር ግን ሺህ ሰው በተቀመጠበት አዳራሽ ውስጥ ተነሥቶ የልቡን የሚጠይቅ ስለሌለ፣ ዝምታውን እንደ ስምምነት እንዳይቆጥሩት። የቴሌግራም ቻናሉን በተመለከተ ደግሞ አንድ ደንብ ይበቃል፤ የመጨረሻው ትክክለኛ መረጃ የሚገኘው በየትኛው ቦታ እንደሆነ ሁሉም ሠራተኛ ይወቅ፤ ሌላው ሁሉ ወደዚያ ጠቋሚ ይሁን።

ጥያቄ፦ የምርት ክፍል ተቆጣጣሪ ነኝ፤ በሥሬ ሃያ ሰባት ሰዎች አሉ። ከላይ የሚወሰነውን ነገር ብዙ ጊዜ የምሰማው ከሠራተኞቼ እኩል፣ አንዳንዴም ከእነሱ በኋላ ነው። ሲጠይቁኝ የምመልሰው የለኝም። ችግር ወደ ላይ ሳቀርብ ደግሞ «አንተ ሁልጊዜ የሚታይህ መጥፎው ብቻ ነው» እባላለሁ። መሐል ቤት ቀርቻለሁ።

መልስ፦ ከላይ የሰጠሁትን መልስ የመምሪያ ኃላፊው በሥራ ላይ እስኪያውሉት ድረስ እርስዎ መጠበቅ ስለማይችሉ፣ በእጅዎ ባለው ነገር እንጀምር።

ወደ ታች በሚናገሩበት ጊዜ የሚያውቁትን፣ የማያውቁትንና መልስ ይዘው የሚመለሱበትን ቀን ለይተው ይንገሯቸው። «አላውቅም» ማለት አለቃን አያዋርድም፤ የሚያዋርደው «አላውቅም» ብሎ እዚያው መቅረት ነው። ቀኑ ደርሶ መልሱ ካልተገኘም በቀጠሮው ሰዓት ቀርበው «እስካሁን አልተነገረኝም፣ ትናንት በጽሑፍ ጠይቄያለሁ» ይበሉ። በምንም ምክንያት ግን ክፍተቱን በግምት አይሙሉት። የተቆጣጣሪ ግምት በማግስቱ «አለቃችን እንዳለው» ተብሎ በሌላ ፈረቃ ይሰማልና።

ወደ ላይ ያለው መንገድ ይበልጥ አስቸጋሪ ነው፤ ችግሩም የእርስዎ አለቃ ብቻ አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሲድኒ ሮዘንና ኤብርሃም ቴሰር በ1970 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ራሳቸው ጥፋተኛ ባልሆኑበት ጉዳይ እንኳ መጥፎ ዜናን ለሚመለከተው ሰው ለመንገር እንደሚያመነቱ አሳይተዋል። በትልቅ ድርጅት ውስጥ ይህ ማመንታት በእያንዳንዱ እርከን ላይ ይደገማል። «ሊሰበር ነው» ተብሎ ከታች የተነሣው ቃል በሁለተኛው እርከን «አሳሳቢ ነው»፣ በሦስተኛው «ክትትል እየተደረገበት ነው» ይሆናል፤ በመጨረሻ ጠረጴዛው ላይ ሲደርስ ከመልካም ዜና አይለይም።

የዚህ አስከፊ ምሳሌ የቻሌንጀር መንኮራኩር አደጋ ነው። መንኮራኩሯ ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ከተወነጨፈች ከ73 ሴኮንድ በኋላ ተበታትና 7ቱም ተሳፋሪዎቿ ሞቱ። የሮኬቱን ክፍል የሠራው የሞርተን ታያኮል ኩባንያ መሐንዲሶች፣ ብርዱ የመጋጠሚያዎቹን የጎማ ቀለበቶች ግትር እንደሚያደርግ በመሥጋት በዋዜማው ምሽት ማስወንጨፉን ተቃውመው ነበር። የኩባንያው ኃላፊዎች ለብቻቸው ተነጋግረው ምክሩን ገለበጡት። አደጋውን የመረመረው የሮጀርስ ኮሚሽን እንዳረጋገጠው፣ የመጨረሻውን የማስወንጨፍ ውሳኔ የሰጡት የናሳ ባለሥልጣናት ይህ ክርክር መካሄዱን እንኳ አያውቁም ነበር። ይህን የማነሣው የእርስዎን ማሽን ከመንኮራኩር ጋር ለማነጻጸር አይደለም። ቃሉ የጠፋበት መንገድ ግን አንድ ዓይነት ነው።

እንግዲህ መጥፎ ዜና ሲያቀርቡ ቅሬታ እንዳይመስል አድርገው ይጻፉት። «3 ቁጥር ማሽን አስቸግሮናል» ከማለት ይልቅ «3 ቁጥር ማሽን ባለፈው ሳምንት 4 ጊዜ፣ በእያንዳንዱም 40 ደቂቃ ያህል ቆሟል፤ በዚሁ ከቀጠለ የወሩ መጨረሻ ርክክብ በሁለት ቀን ይዘገያል፤ እስከ ረቡዕ አንድ የጥገና ባለሙያ ይመደብልኝ» ይበሉ። ቁጥሩ፣ የሚያስከትለው ነገርና የሚፈለገው ውሳኔ አብረው ከቀረቡ፣ «መጥፎው ብቻ ነው የሚታይህ» ለማለት ያስቸግራል። ቅጂውን ያስቀሩ።

ይህን ዓምድ የሚያነቡ ከፍተኛ ኃላፊዎች ካሉ አንድ ቃል ልጨምር። መጥፎ ዜና ይዞ ወደ ቢሮዎ የገባ ሰው የሚያነበው ፊትዎን ነው። በዚያች ቅጽበት ከተቆጡ፣ ያ ሰው ዳግመኛ አይመጣም፤ አለመምጣቱንም ለሌሎች ይነግራል።

ጥያቄ፦ በቅርቡ በተሰጠን ሥልጠና ላይ አሠልጣኙ «ከምናስተላልፈው መልእክት 93 በመቶው ከቃላት ውጭ ነው» አሉን። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ቢያንስ እርስዎ በተነገርዎት መልክ አይደለም። ቁጥሩ የተወሰደው አልበርት መህራቢያን በ1967 ካሳተማቸው ሁለት ጥናቶች ነው። ጥናቶቹ የመረመሩት ሰው አንዲትን ቃል በተለያየ ድምፅና የፊት ገጽታ ሲናገር፣ ሰሚው የተናጋሪውን ስሜት፣ መውደዱን ወይም መጥላቱን፣ ከምን ላይ እንደሚገምት ነበር፤ 7 በመቶ ከቃል፣ 38 በመቶ ከድምፅ ቃና፣ 55 በመቶ ከፊት የሚለው ድምርም ከዚያ መጣ። መህራቢያን ራሳቸው ቀመሩ ከስሜትና ከአመለካከት ውጭ እንደማይሠራ ገልጸዋል። የአዲሱን የጡረታ መዋጮ ስሌት በፊት ገጽታ ብቻ 93 በመቶ ማስረዳት የሚችል ሰው ካለ፣ አሠልጣኙ ቢያመጡልን ደስ ይለናል።

ጥያቄ፦ በሰው ሀብት መምሪያ ውስጥ እሠራለሁ። በየዓመቱ የሠራተኛ አስተያየት መጠይቅ እናስሞላለን። ነጥባችን ለሦስት ተከታታይ ዓመታት ጨምሯል፤ ሥራ አመራሩም ደስተኛ ነው። ይሁንና በእነዚሁ ዓመታት ጥሩ ጥሩ ባለሙያዎቻችን እየለቀቁን ነው፤ ሲለቁ የሚናገሩትም በመጠይቁ ላይ ፈጽሞ ያልታየ ነገር ነው። መጠይቁ ዋሽቶናል ማለት ነው?

መልስ፦ መጠይቁ አልዋሸም፤ ሠራተኛው ነው የተጠነቀቀው። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን አባባል የሚያውቅ ሰው፣ ከአምስት አራት እያለ ሞልቶ ወደ ሥራው ይመለሳል። ስለዚህ ከነጥቡ በፊት መጠየቅ ያለበት፣ ሠራተኛው እውነቱን ቢጽፍ ምን ይደርስብኛል ብሎ ያስባል የሚለው ነው።

«ስም አይጻፍም» እና «ስምዎ በምሥጢር ይያዛል» የተለያዩ ቃል ኪዳኖች ናቸው። ሊንኩ በየሠራተኛው ኢሜይል ለየብቻ ከተላከና «እርስዎ እስካሁን አልሞሉም» የሚል ማስታወሻ ላልሞሉት ብቻ ከደረሰ፣ ስም አይታወቅም የሚለው ቃል ዕለቱኑ ይፈርሳል። ስድስት ሰዎች ባሉበት ክፍል ውስጥ ዕድሜ፣ ፆታና የአገልግሎት ዘመን ከጠየቁም ስም መጠየቅ አያስፈልግዎትም። ከአሥር ሰው ያነሰ ቡድን ውጤት ለብቻው እንደማይወጣ አስቀድመው በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ያንንም ለማንም ኃላፊ ብለው አይሻሩት።

ሁለተኛው ጉዳይ ነጥቡ ራሱ የሚለካው ነገር ነው። በሙያው «ኢንጌጅመንት» የሚባለውን ሐሳብ፣ ማለትም ሰው አካሉን ብቻ ሳይሆን ልቡንም ይዞ በሥራው ላይ መገኘቱን፣ በጥናት መልክ ቀድመው ካቀረቡት አንዱ ዊሊያም ካን ናቸው። በ1990 ባሳተሙት ጥናት የበጋ ካምፕ አስተባባሪዎችንና የአንድ የአርክቴክቸር ድርጅት ሠራተኞችን ተከታትለው ሦስት ነገሮችን ለዩ፤ ሰውየው ሥራው ትርጉም አለው ብሎ ማመኑ፣ ራሱን ቢገልጥ ጉዳት እንደማይደርስበት መተማመኑ፣ ለሥራው የሚሆን አቅምና ፋታ ያለው መሆኑ። የብዙ ድርጅቶች መጠይቅ «በድርጅቴ እኮራለሁ» የሚለውን ደጋግሞ ሲጠይቅ ሁለተኛውን አይነካም። ለቀው የሚሄዱት ባለሙያዎች በድርጅቱ ይኮሩ ይሆናል፤ የሄዱት ግን ተናግረው የሚሰማቸው ስላጡ ሊሆን ይችላል። ጋሉፕ በ12 ጥያቄዎች በሚያካሂደው ልኬት፣ በ2024 በዓለም ዙሪያ በሥራቸው ልባቸው ያለው ሠራተኞች 21 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳውቋል፤ ከ12ቱ አንዱ የሚጠይቀው በሥራ ቦታዬ አስተያየቴ ዋጋ አለው ወይ የሚለውን ነው። ያን ጥያቄ ለብቻው አውጥተው በየክፍሉ ይመልከቱት።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። ኤሚ ኤድመንድሰን በሆስፒታል ክፍሎች ውስጥ የመድኃኒት አሰጣጥ ስሕተቶችን አጥንተው በ1996 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በመልካም የሚመሩትና እርስ በርስ የሚግባቡት ክፍሎች የተመዘገበባቸው ስሕተት ከሌሎቹ የበዛ ሆኖ ተገኘ። ማብራሪያቸው፣ በእነዚያ ክፍሎች ሠራተኛው ይበልጥ ስለሚሳሳት ሳይሆን ስሕተትን ሳይፈራ ስለሚናገር ነው የሚል ነበር። በእርስዎም ድርጅት ቅሬታ የሌለበት ክፍል የተሻለው ክፍል ላይሆን ይችላል። በመጠይቁ መጨረሻ ላይ ያለውን ክፍት የአስተያየት መስጫ ይዩት፤ ነጥቡ እየጨመረ ባዶውን የሚተዉት ሰዎች ከበዙ፣ እየጨመረ ያለው ዝምታ ነው።

ምን ይደረግ? መጠይቁን አሳጥሩትና በተረፈው ጊዜ ሰው አነጋግሩ። በቺካጎ አጠገብ በነበረው የዌስተርን ኤሌክትሪክ የሐውቶርን ፋብሪካ ከ1928 ጀምሮ ከ20,000 በላይ ሠራተኞች በቃለ መጠይቅ ተነጋግረዋል። ጠያቂዎቹ መጀመሪያ የተዘጋጀ ጥያቄ ይዘው ይሄዱ ነበር፤ ሠራተኞቹ ግን ከጥያቄው እየወጡ የራሳቸውን ስላወሩ፣ ዘዴው ተለውጦ ሠራተኛው የፈለገውን እንዲናገር፣ ጠያቂው እንዲያዳምጥ ተደረገ። መቶ ዓመት ሊሞላው ከተቃረበ ሙከራ የምንወስደው ይህንን ነው። የመልቀቂያ ቃለ መጠይቅ የምታደርጉላቸው ሰዎች ገና ሳይለቁ፣ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከቅርብ አለቃቸው ሌላ ሰው ቢያነጋግራቸው ይሻላል፤ «እንድትለቂ ሊያደርግሽ የሚችለው ነገር ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከለቀቀችው ይልቅ ያልለቀቀችውን ሲጠይቋት ይጠቅማል።

ውጤቱንም በአራት ሳምንት ውስጥ መልሱላቸው። እኔ ተቀጣሪ በነበርኩበት አንድ ትልቅ ድርጅት የመጀመሪያው ዓመት መጠይቅ ውጤት የት እንደደረሰ ሳናውቅ ሁለተኛው መጣ። አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ ቅጹን ገልበጥ አድርጎ አየና «ያለፈው ዓመቱ ከጠፋባቸው ፎቶ ኮፒ አለኝ» አለ። ሁላችንም ሳቅን፤ ሁላችንም አራት አራት ሞላን። የሰማችሁትን፣ የምትሠሩትን አንድ ወይም ሁለት ነገርና የማትሠሩትን ከነምክንያቱ ንገሯቸው። «ይህንን አናደርገውም፤ ምክንያቱም እንዲህ ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር ለመጻፍ ከሁሉም ይከብዳል፤ የሚታመነውም እሱ ነው።

ጥያቄ፦ የፋይናንስ ኃላፊ ነኝ። ገቢያችን በመቀነሱ አንዳንድ ክፍያዎችና ጥቅማ ጥቅሞች ለጊዜው ሊቀነሱ ነው። አማካሪያችን እስከ መጨረሻው ቀን ምንም እንዳንናገር፣ ከዚያም በአጭር ሰርኩላር እንድናሳውቅ ይመክራሉ። እኔ ግን ወሬው አስቀድሞ የወጣ ይመስለኛል።

መልስ፦ ወጥቷል ብለው ይያዙት። ደመወዝ ነክ ነገር በአታሚ ማሽን ካለፈ በኋላ ምሥጢር ሆኖ የቆየበትን ድርጅት አላውቅም።

ለአማካሪዎ የሚያቀርቡት ማስረጃ አለልዎት። ጄራልድ ግሪንበርግ በ1990 ባሳተሙት ጥናት፣ ሥራ በመቀዝቀዙ ለ10 ሳምንታት 15 በመቶ የደመወዝ ቅነሳ ያደረገ የአንድ አምራች ኩባንያ ፋብሪካዎችን አነጻጽረዋል። በአንደኛው ፋብሪካ የኩባንያው ኃላፊ ሠራተኞቹን ሰብስበው የቅነሳውን ምክንያት በአኃዝ እያሳዩ፣ ማዘናቸውንም እየገለጹ በሰፊው አስረዱ፤ ጥያቄዎችንም መለሱ። በሁለተኛው ቅነሳው በአጭሩ ተነግሮ ሰው ተበተነ። ሦስተኛው ደመወዝ ያልተነካበት ማነጻጸሪያ ነበር። ቅነሳ በተደረገባቸው በሁለቱም ፋብሪካዎች ስርቆት ጨመረ፤ ነገር ግን በሚገባ በተብራራበት ፋብሪካ ጭማሪው እጅግ ያነሰ ነበር። ሥራ የለቀቁትም የበዙት በአጭሩ በተነገረበት ነው። ደመወዙ ሲመለስ ስርቆቱም ወደ ቀድሞው መጠን ተመለሰ። የተቀነሰው ገንዘብ እኩል ነው፤ የተለየው አነጋገሩ ብቻ ነው።

ሕግ አስቀድሞ እንዳይነገር የሚከለክለው ነገር ካለ ያንን ያክብሩ፤ ነገር ግን አማካሪውን «ሕጉ ይከለክላል ወይስ እርስዎ ይሠጋሉ?» ብለው ለይተው ይጠይቁ። ማስታወቁ ሲመጣ የሚነካቸው ሰዎች ከሌላው አስቀድመው፣ በአካል፣ ከኃላፊ አፍ ይስሙ። ምን ያህል እንደሚቀነስ፣ ለስንት ጊዜ እንደሆነ፣ ሁኔታው በየስንት ጊዜው እንደሚገመገም፣ ቅነሳው የኃላፊዎችን ክፍያ ይነካ እንደሆነና ካልነካ ለምን እንደሆነ ይነገር። ይህን የመጨረሻውን ማንም ሰው በአዳራሽ ላይጠይቅ ይችላል፤ በመውጫው በር ላይ ግን ሁሉም ይነጋገርበታል። «እንደ ቤተሰብ ነን» የሚለውን ቃል ደግሞ ለዚያን ቀን ይተዉት፤ ከአንገት በላይ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ተራ ሠራተኛ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ሐሳብ መስጫ ሣጥን ውስጥ አንድ ሐሳብ ጽፌ ከትቼ ነበር። እስካሁን ድምፅ የለም። እንደገና ልጻፍ ወይስ ልተወው?

መልስ፦ የሐሳብ መስጫ አሠራር አዲስ ነገር አይደለም። በስኮትላንድ ደምባርተን ከተማ የነበረው የዊሊያም ዴኒ የመርከብ ግንባታ ድርጅት በ1880 የሠራተኞችን ሐሳብ ተቀብሎ መሸለም ጀምሯል፤ የቶዮታ የሐሳብ አቀባበል ሥርዓትም ከ1951 ጀምሮ ሲሠራበት ቆይቷል። በቶዮታ ዘንድ ሐሳቡ በአብዛኛው በቡድን መሪው እጅ ያልፋል፤ መሪው ሐሳብ አቅራቢውን ያውቀዋል፣ ሐሳቡ የሚሞከረውም እዚያው አጠገቡ ነው። ሣጥን ለብቻው ግን የሚቀበል እንጂ የሚመልስ ነገር አይደለም።

አንድ ጊዜ ቁልፉ የጠፋበት የሐሳብ መስጫ ሣጥን ሲሰበር አብሬ ቆሜ ነበር። በውስጡ የከረሜላ መጠቅለያና አሥራ አንድ ወረቀቶች ተገኙ፤ የመጀመሪያው የአራት ዓመት ዕድሜ ነበረው። አንዱ «የጭነት ደረጃው ላይ ያለው አምፖል ተቃጥሏል፣ ይቀየር» ይላል። አምፖሉ ተቀይሮ ነበር፤ የተቀየረው ግን አንድ ሰው በዚያው ደረጃ ላይ ወድቆ ክንዱ ከተሰበረ በኋላ ነው። ወረቀቱን የጻፈው ማን እንደሆነ ለማወቅ የሞከረ አልነበረም፤ እኔም ጭምር።

እርስዎ ግን እንደገና ይጻፉ። በሁለት ቅጂ፣ ቀኑን ጠቅሰው፣ የሚያሰጋዎት ነገር ከሌለም ስምዎን ጽፈው ለቅርብ አለቃዎ በእጅ ይስጡ፤ «መቼ ልመለስ?» ብለውም ይጠይቁና የተነገረዎትን ቀን በራስዎ ቅጂ ላይ ያስፍሩ። በቀኑ መልስ ካላገኙ ያንኑ ቅጂ ይዘው አንድ እርከን ከፍ ይበሉ። በሣጥኑ አጠገብ ሲያልፉ ደግሞ ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ ይጠይቁ፤ «እኔ ዘንድ ነው» የሚል ሰው ካገኙ፣ ሁለተኛውን ቅጂ ለእሱ ይስጡት።